ሰዋይ ጃይ ሲንግ፤ ከተማን በገመድ፣ ሰማይን በድንጋይ የለካ ንጉሥ

የህንድን አገር ለመጎብኘት የሚሄድ መንገደኛ ዴልሂንና አግራን ካየ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛ ማረፊያው የሚያደርገው ጃይፑርን ነው። ከከተማው በስተሰሜን በተራራው ወገብ ላይ የአምበር ቤተ መንግሥት ተዘርግቶ ይታየዋል፤ ከእርሱ በላይ የጃይጋር ምሽግ፣ ከተማውን ቁልቁል በሚያየው ሸንተረር ላይ ደግሞ የናሃርጋር ምሽግ አለ። ወደ ከተማው ሲወርድ ሰባት ደርብ ያለውን የንጉሡን መኖሪያ፣ በዋናው ገበያ ዳር ደግሞ የነፋስ ቤተ መንግሥት የሚባለውንና 953 ትናንሽ መስኮቶች ያሉትን ሃዋ ማሃልን ያገኛል። የቤቶቹ ሁሉ ግንብ የሸክላ መልክ ስላለው፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል መንገዱ በሙሉ የጋለ ምድጃ ይመስላል።

ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ግን፣ ይኸውም በቅየሳ፣ በከተማ ፕላንና በሕንፃ ሥራ ለተሰማራን ሰዎች፣ ከመስኮቶቹ ይልቅ መንገዶቹ ብዙ የሚናገሩ ይመስለኛል። ሃዋ ማሃል በ1799 የተጨመረ የኋላ ጌጥ ነው፤ የግንቡ ቀለምም ቢሆን የ19ኛው ምዕት ዓመት ነገር ነው። መንገዶቹ ግን ቦታው ገና ሜዳ ሳለ በ1727 ቸካል ተተክሎላቸውና ገመድ ተዘርግቶላቸው የተሠመሩ ናቸው። ይህን ያስደረገው ሰዋይ ጃይ ሲንግ እንደ ዘመኑ መሳፍንት ሁሉ በጦርና በሴራ መካከል የኖረ ሰው ነበር። በድንጋይ ላይ ያኖረው ልክ አብዛኛው እስከ ዛሬ ቆሞለታል፤ ገና በ19 ዓመቱ የገባው አንድ የጋብቻ ውል ግን እርሱ ከሞተ በኋላ ልጆቹን አፋጅቷል። የሕይወት ታሪኩን ስንመለከት እነዚህን ሁለቱን አብሮ ማየት ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ጃይ ሲንግ ካችዋሃ ከሚባለው የራጅፑት ጎሣ በኖቬምበር 3 ቀን 1688 በአምበር ተወለደ። የአምበር ገዢዎች ከ16ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ ለሞጉል ነገሥታት ገብረውና በጦር አዛዥነት አገልግለው የከበሩ ናቸው። ማን ሲንግ የአክባር ታላቅ የጦር መሪ ነበር፤ የመጀመሪያው ጃይ ሲንግም ለሻህ ጃሃንና ለአውራንግዜብ ዘምቷል። ስለዚህ በዚህ ቤት የተወለደ ልጅ አልጋውን የሚወርሰው አገሩን ለመግዛት ብቻ ሳይሆን ጦር ይዞ ወደ ሩቅ አገር ለመዝመትም ጭምር ነበር። አባቱ ቢሻን ሲንግ በ1699 ማብቂያ ላይ በካቡል በኩል በዘመቻ ላይ እንዳለ ሲሞት ጃይ ሲንግ የ11 ዓመት ልጅ ሆኖ ነገሠ።

ሰዋይ የሚለው የማዕረግ ስሙ አንድ ከሩብ ማለት ነው። ስለ አሰጣጡ የሚነገረው ተረት በጃይፑር የማያውቀው ሰው የለም። አውራንግዜብ ሕፃኑን ንጉሥ ሁለት እጆቹን ጥርቅም አድርጎ ይዞ አሁን ምን ልታደርግ ትችላለህ ብሎ ሲጠይቀው፣ ልጁ ሙሽራ የሙሽሪቱን አንድ እጅ ከያዘ ዕድሜ ልኩን ሊጠብቃት ግዴታ እንዳለበት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ ሁለቱንም እጆቹን ስለያዙለት ከእንግዲህ የሚያስፈራው ነገር እንደሌለ መለሰለት ይባላል። አውራንግዜብም ይህ ልጅ ከሰው ሁሉ በሩብ ይበልጣል አለ ይላሉ። ተረቱ ተረት ነው። ሆኖም ጃይ ሲንግ 14 ዓመት ሳይሞላው፣ በ1702 ኬልና የተባለው የተራራ ምሽግ ሲከበብ ከጦሩ ጋር በስፍራው እንደ ነበረና እንደ ተመሰገነ የታወቀ ነው። በጃይፑር ቤተ መንግሥት ጫፍ ላይም ከአንዱ ሙሉ ሰንደቅ ዓላማ በላይ ሩብ የምታክል ሁለተኛ ሰንደቅ የመስቀሉ ልማድ ከዚህ ማዕረግ የመጣ ነው።

አውራንግዜብ በ1707 ሲሞት ልጆቹ በአልጋው ተዋጉ፤ ጃይ ሲንግም ከተሸናፊው ከአዛም ሻህ ወገን ሆኖ ተገኘ። አሸናፊው ባሃዱር ሻህ ለመቅጣት አልዘገየም፤ አምበርን ወረሰና ለጃይ ሲንግ ታናሽ ወንድም ለቪጃይ ሲንግ ሰጠው። የ19 ዓመቱ ንጉሥ ያለ አገር ቀረ። በ1708 ከማርዋሩ ገዢ ከአጂት ሲንግ ጋር ሆኖ ወደ ኡዳይፑር፣ ወደ ሜዋሩ መስፍን ወደ አማር ሲንግ ዘንድ ሄደ፤ ሦስቱም በሞጉሎች ላይ ለመረዳዳት ተማማሉ። ከራጅፑት ቤቶች ሁሉ ሜዋር ከሞጉሎች ጋር በጋብቻ ሳይቀላቀል የኖረ ስለነበር ከእርሱ ሴት ማግባት ትልቅ ክብር ነበር። አማር ሲንግም ልጁን ለጃይ ሲንግ ዳረለት፤ ነገር ግን ከእርሷ የሚወለደው ወንድ ልጅ፣ በዕድሜ ከሌሎቹ ቢያንስም እንኳ፣ አልጋውን እንዲወርስ የሚል ውል አስገባው።

ጃይ ሲንግ ተስማማ፤ አማራጭም አልነበረው። በተባባሪዎቹ ጦር በዚያው ዓመት አምበርን መልሶ ያዘ። ውሉ ግን በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ዓመታት አለፉ።

ከዚያ በኋላ ያለው የጦርና የሹመት ታሪኩ ረጅም ቢሆንም በአጭሩ የሚነገር ነው። ቀስ በቀስ ከዴልሂ ቤተ መንግሥት ጋር ታረቀ፤ በ1719 መሐመድ ሻህ ከነገሠ በኋላ ደግሞ ከታላላቆቹ ሹማምንት አንዱ ሆነ። አግራንና ማልዋን በየጊዜው አስተዳደረ፤ ከደቡብ የሚመጡትን የማራታ ፈረሰኞች ሲችል በጦር፣ ሳይችል በገንዘብና በድርድር ለመግታት ደከመ። የሞጉል መንግሥት እየተሰነጣጠቀ ስለነበር ጥገናው ከእርሱ አቅም በላይ ነበር።

በሥነ ፈለክ ላይ የነበረው ፍቅር ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ ነው። መምህሩና የሥራ ባልደረባው ጃግናታ የተባለ ሊቅ ሲሆን፣ የኤውክሊድስን የጂኦሜትሪ መጽሐፍና የበጥሊሞስን የፈለክ መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ሳንስክሪት የመለሰ ነው። ጃይ ሲንግ በሳማርካንድ በኡሉግ ቤግ ዘመን የተዘጋጁትን የከዋክብት ሠንጠረዦች አስመጥቶ ሲመረምር፣ በሠንጠረዡ የተጻፈውና በሰማይ የሚታየው እንደማይገጥሙ አስተዋለ። የግርዶሽ ሰዓት፣ የበዓላት ቀን፣ የዘመቻ መነሻ ሁሉ በከዋክብት አቀማመጥ በሚወሰንበት አገር ይህ ቀላል ጉድለት አልነበረም። ጉዳዩን ለመሐመድ ሻህ አቅርቦ አዲስ ሠንጠረዥ እንዲያዘጋጅ ተፈቀደለት።

መጀመሪያ የሞከረው እንደ ቀደምቶቹ በናስ መሣሪያዎች ነው። ሥራው አላረካውም፤ ምክንያቱንም ለሠንጠረዡ በጻፈው መቅድም ላይ ዘርዝሮታል። መሣሪያዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ዲግሪው ወደ ደቂቃ በደንብ አይከፈልም፤ የሚዞሩበት ወስፋት ይበላል፤ ማዕከላቸው ከቦታው ይንሸራተታል፤ ይወዛወዛሉ። የመስክ መሣሪያ ተሸክሞ የሠራ ቀያሽ ይህን አቤቱታ ሲያነብ ከ300 ዓመት በፊት የተጻፈ አይመስለውም። ጃይ ሲንግ ያገኘው መፍትሔ የግንበኛ መፍትሔ ነበር፤ መሣሪያውን ከነመሠረቱ በድንጋይና በኖራ መሥራት። የሚንቀሳቀስ ክፍል ከሌለው የሚበላ ወስፋት የለውም፤ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ክፍልፋዩ ሰፍቶ በዓይን ይነበባል።

የመጀመሪያው የድንጋይ መመልከቻ በ1724 በዴልሂ ተሠራ። በኋላም በጃይፑር፣ በኡጃይን፣ በቫራናሲና በማቱራ ተሠሩ፤ አንዱ ያየውን ሌላው እንዲያረጋግጥለት ማለቱ ነበር። የማቱራው ዛሬ የለም። የቀሩት አራቱ ይታያሉ፤ ከሁሉም ትልቁና በተሻለ ይዞታ ላይ ያለው የጃይፑሩ ነው።

ወደ ከተማው ግንባታ የመራው ምክንያት ደግሞ ከኮከብ ጋር የማይገናኝ ተራ ችግር ነው። አምበር ለምሽግ የተመረጠ ሸለቆ ስለሆነ ሕዝቡ ሲበዛ የሚሰፋበት ቦታ አልነበረውም፤ ውኃውም አልበቃ አለ። ከተራራው በስተደቡብ ያለው ሜዳ ግን ሰፊ ነበር። ከአባቶቹ ምሽግ ወርዶ በሜዳ ላይ ከተማ መቆርቆር ለራጅፑት ንጉሥ ድፍረት ነው፤ ሆኖም ጃይ ሲንግ በዚያ ጊዜ በዴልሂ ዘንድ የተከበረ ስለነበር ጠላት ቶሎ ይመጣብኛል ብሎ አልሰጋም። ከኋላው በኩል ያሉትን ኮረብታዎች ግን አልዘነጋም። ጃይጋርን አጠናከረ፤ እዚያም በ1720 በመንኮራኩር ላይ የሚሄድ 50 ቶን የሚመዝን መድፍ ቀልጦ ተሠራ፤ ለሙከራ አንድ ጊዜ ብቻ እንደ ተተኮሰ ይነገራል። ናሃርጋርን ደግሞ በ1734 አስገነባ።

የከተማው መሠረት በኖቬምበር 18 ቀን 1727 ተጣለ። ንጉሡ ለሥራው የመረጠው ሰው ቪድያዳር ባታቻርያ ይባላል፤ ቤተሰቡ ከቤንጋል የመጣ ሲሆን እርሱ በአምበር መንግሥት የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ነበር። ከግንበኞች አለቆች መካከል ሳይሆን ከሒሳብ ሹሞች መካከል መመረጡ የሚያስገርም ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከተማን በአንድ ጊዜ ለመሥራት ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ስንት ቦታ፣ ለማን፣ በምን ስፋት ተብሎ መዝገብ መያዝ ስለሆነ ምርጫው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

የፕላኑ መሠረት ዘጠኝ አራት ማዕዘኖች ናቸው። የጥንት የህንድ የሕንፃ መጻሕፍት ከተማን በዘጠኝ ከፍለው የሚያሳይ ሥዕል ስላላቸው ብዙ ጸሐፊዎች ጃይፑር ከዚያ በቀጥታ የተገለበጠ አድርገው ይጽፋሉ። በመሬቱ ላይ የሚታየው ግን ከዚህ የበለጠ ነገር ይናገራል። በሰሜን ምዕራብ ማዕዘን በኩል የናሃርጋር ኮረብታ ስለሚያግድ፣ እዚያ ሊሆን ይገባው የነበረው አራት ማዕዘን ተነሥቶ በምሥራቅ በኩል ተቀጥሏል። ዋናው የምሥራቅና የምዕራብ መንገድ ደግሞ ከእውነተኛው ምሥራቅ 15 ዲግሪ ያህል ዞሯል፤ ኮምፓስ ያልነበራቸው ሰዎች ስሕተት አይደለም፤ ጠፈርን በዲግሪ ክፍልፋይ የሚለካ ንጉሥ ምሥራቅን ሊስት አይችልም። መንገዱ የሚከተለው በሜዳው ላይ ያለውን ዝቅተኛ የመሬት ጀርባ ነው፤ በመሆኑም የዝናብ ውኃ ከመንገዱ ወደ ሁለቱም ጎን ይወርዳል። መጽሐፉ ሥዕሉን ሰጠ፤ መሬቱ አረመው፤ ቪድያዳርም መሬቱን ሰማ።

በዚህ መንገድ ጫፍ በምሥራቅ የፀሐይ በር፣ በምዕራብ የጨረቃ በር ቆመዋል። የመንገዶቹ ስፋት በደረጃ የተወሰነ ነው፤ ዋናዎቹ 111 ጫማ፣ ይኸውም 34 ሜትር ያህል ሲሆኑ፣ ከእነርሱ የሚቀጥሉት የዚያ ግማሽ፣ ከዚያ በታች ያሉትም እንደገና የግማሽ ግማሽ እየሆኑ እስከ ቤት ደጃፍ ይደርሳሉ። 34 ሜትር የሆነ መንገድ በ1727 ምን እንደ ነበረ ለመገመት፣ በዚያ ዘመን በብዙ የዓለም ከተሞች ሁለት ጋሪ ጎን ለጎን የማያሳልፉ ጎዳናዎች እንደ ነበሩ ማስታወስ ይበቃል። ሁለት ዋና መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ሰፊ አደባባይ ተትቷል፤ ውኃ የሚቀዳውም፣ ገበያ የሚቆመውም እዚያ ነበር።

በዋና መንገዶች ዳር ያሉትን ሱቆች በአንድ ልክ የሠራው መንግሥት ራሱ ነው። ነጋዴውና የእጅ ባለሙያው ቦታ እየተሰጠው ከሌላ አገር ተጠርቶ መጣ፤ የዕንቁ ሠሪ፣ የጨርቅ አታሚ፣ የእብነ በረድ ጠራቢ ሁሉ በየተራው ተደለደለ፤ ብዙዎቹ ሙያዎች ዛሬም በመጀመሪያ ሰፈራቸው ይገኛሉ። ቤት የሚሠራ ሰው በስተኋላ እንደ ፍላጎቱ መሥራት ሲችል፣ ወደ መንገዱ የሚያየው ፊት ግን ለሰፈሩ የወጣውን ደንብ መከተል ነበረበት። ስለዚህ ከሩቅ ሲታይ መንገዱ ሁሉ የአንድ ሕንፃ ግንብ ይመስላል። ዋናው ክፍል በጥቂት ዓመታት ውስጥ አልቆ ሕዝብ ገባበት። ስድስት ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ቅጥርም ዙሪያውን ተሠራ።

ከዘጠኙ አራት ማዕዘኖች መካከለኛው ለቤተ መንግሥቱ ተለየ። ንጉሡ ትልቁን የፈለክ መመልከቻ ያስሠራው በዚሁ ግቢ፣ ከመኖሪያው በእግር ጥቂት ርቀት ላይ ነው። ጃንታር ማንታር ይባላል፤ ሥራው እስከ 1734 ድረስ ቀጥሎ ሃያ ያህል መሣሪያዎች ቆመውበታል። ያለ መሪ የሚገባ ጎብኚ ደረጃቸው ወደ የትም የማያደርስ፣ ጣራ የሌላቸው እንግዳ ሕንፃዎች መካከል የገባ ይመስለዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሳምራት ያንትራ፣ ማለት የመሣሪያዎች ንጉሥ፣ 27 ሜትር ከፍታ ያለው የፀሐይ ሰዓት ነው። ባለ ሦስት ማዕዘኑ ግድግዳ የተጋደመው በ27 ዲግሪ፣ ይኸውም በጃይፑር ኬክሮስ ልክ ስለሆነ ጠርዙ ወደ ሰሜን ዋልታ ያመለክታል። ጥላው በግራና በቀኝ በተሠሩት የእብነ በረድ ቅስቶች ላይ በሴኮንድ አንድ ሚሊሜትር ያህል ይሄዳል፤ ትኩር ብሎ የሚመለከት ሰው ሲንቀሳቀስ ያየዋል። ቅስቱም እስከ ሁለት ሴኮንድ ድረስ ተከፋፍሏል። ጃይ ፕራካሽ የሚባለው ሌላው መሣሪያ ደግሞ ገበቴ መስለው በመሬት ውስጥ የተቦረቦሩ ሁለት የእብነ በረድ ጎድጓዶች ናቸው፤ ሰማዩ ተገልብጦ በውስጣቸው ተሥሏል። በአንደኛው ውስጥ ድንጋይ ባለበት በሁለተኛው ክፍተት ስላለ፣ ተመልካቹ በክፍተቱ እየተመላለሰ ሌሊት ዓይኑን ከመለኪያው ጠርዝ ላይ አድርጎ ኮከብ ለማየት ይችላል። ይህ የመጨረሻው የጃይ ሲንግ የራሱ ፈጠራ እንደሆነ ይታመናል፤ እኔም ከሁሉ የማደንቀው እርሱን ነው።

በዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መነገር አለበት። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ ስፋት ያላት ክብ ናት። ስለሆነም የጥላው ጠርዝ ቁርጥ ብሎ አይታይም፤ በሳምራት ያንትራ ቅስት ላይ ድብዝዝ ያለው ክፍል ከአንድ ስንዝር ብዙም አያንስም፤ በጊዜ ሲሰላ ሁለት ደቂቃ ያህል ይሆናል። መሣሪያውን ማተለቅ እዚህ ላይ አይረዳም፤ ግድግዳው በጨመረ ቁጥር ድብዛዜውም በዚያው ልክ ይሰፋልና። የጃይ ሲንግ ተመልካቾች ቀጭን ነገር በጥላው ጠርዝ ላይ ይዘው መካከሉን በመፈለግ ችግሩን ለማቃለል ሞክረዋል፤ የተካነ ሰው በዚህ መንገድ ወደ ጥቂት ሴኮንዶች ሊደርስ ይችላል። ሆኖም የድንጋይ ስፋት ብቻውን ትክክለኛነትን አይወልድም።

በአውሮፓ በዚያን ጊዜ ሥራው በሌላ መንገድ ሄዶ ነበር። የግሪኒች መመልከቻ በ1675 ተቋቁሞ፣ ፍላምስቲድ መለኪያ ላይ በተገጠመ ቴሌስኮፕ ያዘጋጀው የከዋክብት መዝገብ በ1725፣ ይኸውም የዴልሂው መመልከቻ ከተሠራ ከአንድ ዓመት በኋላ ታትሟል። ጃይ ሲንግ ከዚህ ሁሉ የተሰወረ አልነበረም። የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የሆነውን ማኑኤል ዴ ፊጌሬዶን የመልእክተኞቹ መሪ አድርጎ ወደ ፖርቱጋል ላከ፤ መልእክተኞቹ በ1729 ሊዝቦን ደርሰው የፈረንሳዊውን የላ ኢርን ሠንጠረዦች ይዘው ተመለሱ። ለንጉሥ ማዕረግ ባሕር ተሻግሮ መጽሐፍ ማስፈለግ በዚያ ዘመን በህንድ እንግዳ ነገር ነበር። ጃይ ሲንግ ሠንጠረዦቹን ከራሱ ምልከታ ጋር አስተያይቶ በጨረቃ አቀማመጥ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስሕተት አገኘሁባቸው ሲል ጽፏል፤ ይህም በድንጋይ መሣሪያዎቹ ላይ ያለውን እምነት አጸናለት። ቴሌስኮፕም ነበረው፤ የጁፒተርን ጨረቃዎችና በፀሐይ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ተመልክቶበታል። ያላደረገው ቴሌስኮፑን ከመለኪያው ጋር ማጣመር ነው። የመጡለት ካህናት የኬፕለርንና የኒውተንን ትምህርት ይዘውለት አልመጡም፤ የጎደለው ሰው እንጂ ፍላጎት አልነበረም ለማለት ይቻላል። የሥራው ፍሬ የሆነውን ሠንጠረዥ በመሐመድ ሻህ ስም ሰይሞ በፋርስኛ አወጣው።

የሕይወቱ መጨረሻ እንደ መካከሉ አላማረም። በ1739 የፋርሱ ናዲር ሻህ ዴልሂን ሲዘርፍ ጃይ ሲንግ በጦርነቱ ላይ አልተገኘም። በ1741 በጋንግዋና ከማርዋር ጋር ባደረገው ውጊያ የእርሱ ሠራዊት እጅግ ብዙ ሲሆን፣ 1,000 ያህል የባክት ሲንግ ፈረሰኞች መካከሉን ሰንጥቀው አልፈው ከፍ ያለ ጉዳት አደረሱበት። ከሁሉም በላይ ግን የአልጋው ነገር ያስጨንቀው ነበር።

ምክንያቱም በ1708 የተገባው ውል ለ20 ዓመት ተኝቶ ከቆየ በኋላ በ1728 ነቅቷል። የሜዋር ልዕልት በዚያ ዓመት ማዶ ሲንግን ወለደች። ከሌላይቱ ሚስት የተወለደው ኢሽዋሪ ሲንግ ሰባት ዓመት ይበልጠው ነበር፤ በራጅፑት ልማድም አልጋው ለታላቁ ነው። ጃይ ሲንግ ውሉን ቢፈጽም ልማዱን ያፈርሳል፤ ልማዱን ቢጠብቅ ቃሉን ያፈርሳል። በስተመጨረሻ ለማዶ ሲንግ ከሜዋር ወገን የራምፑራ ግዛት እንዲሰጠው አድርጎ ነገሩን ለማብረድ ሞከረ፤ ወራሽነቱን ግን ለኢሽዋሪ አቆየው። በሴፕቴምበር 21 ቀን 1743 ሞተ። መካነ መቃብሩ ከናሃርጋር በታች በጋይቶር ሸለቆ በነጭ እብነ በረድ የተሠራ ነው።

ኢሽዋሪ ሲንግ ነገሠ፤ ሜዋርም ውሉን አውጥቶ አነበበ። ከሁለቱም ወገን የማራታ ጦር በገንዘብ ተገዛ። ኢሽዋሪ በ1747 ድል አድርጎ ለመታሰቢያ ሰባት ደርብ ያለው ግንብ በጃይፑር ገበያ አጠገብ አቆመ፤ ኢሳር ላት የሚባለው ይህ ግንብ ዛሬም ይታያል። በሚቀጥለው ዓመት ግን ተሸነፈ። በዲሴምበር 1750 የማራታው አለቃ ማልሃር ራኦ ሆልካር የተረፈውን ዕዳ ሊቀበል ወደ ከተማው ሲቃረብ፣ መክፈያ ያጣው ንጉሥ መርዝ ጠጥቶ ራሱን ገደለ። ማዶ ሲንግ ገባ፤ እርሱንም ያነገሡት ማራታዎች ዋጋቸውን ጠየቁ። በጃንዋሪ 1751 የጃይፑር ሕዝብ ተነሥቶ ወደ ከተማው የገቡትን ማራታዎች በየመንገዱ ፈጃቸው፤ የሞቱት በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ቪድያዳር ለነጋዴና ለሰልፍ በሰፊው ያሠመራቸው ጎዳናዎች የዚያን ቀን ያስተናገዱት ይህን ነው።

መመልከቻው ከዚያ በኋላ አሳዳሪ አጣ። የማዶ ሲንግ ልጅ ፕራታፕ ሲንግ ለሥነ ጥበብ ያደላ ሰው ስለነበር ሃዋ ማሃልን አሠራ። ራም ሲንግ ደግሞ በ1876 የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ ሊጎበኝ ሲመጣ ከተማውን በሙሉ ሮዝ ቀለም እንዳስቀባው ይነገራል፤ ሮዝ ከተማ የሚለው ስም ከዚህ የመጣ ነው። ጃንታር ማንታር ከ1901 ጀምሮ በጋሬት የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን መሪነት ታደሰ፤ በ1948 የብሔራዊ ቅርስነት ጥበቃ አገኘ። ጃይፑር በ1949 የራጃስታን ዋና ከተማ ሆነ። ዩኔስኮ መመልከቻውን በ2010፣ የአምበርን ምሽግ ከሌሎች አምስት የራጃስታን ምሽጎች ጋር በ2013፣ ቅጥር ያለውን ከተማ ደግሞ በ2019 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ከዘመናችን አርክቴክቶች መካከልም ቻርልስ ኮሬያ በ1980ዎቹ ለጃይፑር የጥበባት ማዕከል ሲነድፍ ዘጠኝ አራት ማዕዘኖችን ወስዶ አንዱን ከቦታው ፈቀቅ አድርጎታል፤ ኮረብታው ግን በዚያ አልነበረም።

ወደዚያ የሚሄድ ባልደረባ ቢኖር በሳምራት ያንትራ ሥር ቆሞ ጥላውን ከእጅ ሰዓቱ ጋር ማስተያየቱ አይቀርም፤ አይገጥሙለትም። የህንድ የመንግሥት ሰዓት የሚቆጠረው በ82.5 ዲግሪ ኬንትሮስ ሲሆን ጃይፑር ግን በ75.8 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ በዚህ ብቻ 27 ደቂቃ ያህል ልዩነት ይመጣል። በዚያ ላይ የፀሐይዋ የራሷ መዘግየትና መፍጠን ሲታሰብ ልዩነቱ በኖቬምበር መጀመሪያ ወደ 10 ደቂቃ ይወርዳል፤ በፌብሩዋሪ አጋማሽ ደግሞ ወደ 41 ደቂቃ ይወጣል። ማስተካከያው በስፍራው ተጽፎ ይገኛል፤ የጃይ ሲንግ ግድግዳ የሚያሳየው ግን አሁንም የጃይፑርን ሰዓት ነው።